ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከሐዋሳ

ሂሩትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክሽን ሳላነሳ ቆይቼ ዛሬ ደብዳቤ ስልክልሽ "ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?" ትይ ይሆናል። አዳማ በሄድንበት ክርስትና ላይ፣ ልጄ አልናገር ስላለ "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" ስትይኝ ተቀየምኩሽ። ልታጽናኚኝ እንደነበር አውቃለሁ። ግን የሰው ወሬ በቅቶኝ ነበር። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላዋ "እርጉዝ ሳለሽ ምን አስደነገጠሽ?" ትላለች።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ወንድሜ ከፍሎልኝ ደሙ ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረ። ሰው በየሴሉ 46 ክሮሞዞም (ከወላጅ የምንወርሰውን የሚይዝ ክር በይው) ነው ያለው፤ የኔ ልጅ 47 ሆኖ ተገኘ። ትርፉ እንደ ዳውን ሲንድሮም 21ኛው አይደለም፤ ከ15ኛው የወጣ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተደግሞ የተገጣጠመ ነው። ለካ አራስ ሳለ እንደዚያ ልፍስፍስ ያለው፣ አንገቱን ማቅናት ያቃተው በዚህ ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ይሄ ቁራጭ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእናት ወገን ነው የሚመጣው።" ጆሮዬ ጭው አለ። የቀረውን አልሰማኋትም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሳምንት ሙሉ ለባሌ እንኳ አላሳየሁም።

ተመልሼ ስሄድ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳችኝ። እንቁላሉ ሲሠራ፣ ክሮሞዞሞቹ ሲከፋፈሉ የሚፈጠር ስህተት ነው። የበላሁትም የደነገጥኩትም አያመጣውም። ብዙዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ክሮሞዞማቸው ቢታይ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝባቸውም። የሚያድን መድኃኒት የለም። ግን እንደሱ ያሉ ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ስለሚበዛ፣ ዓይኑ ፈጦ ከቀረ ቶሎ አምጪው አለችኝ። ይህን ማወቄ ብቻ ብሩን ያካክሳል። (ጸበሉንም አልተውኩም፣ እንዳትስቂ።)

ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ እወስደዋለሁ። የሰው ዓይን የማያይ ልጅ ከአባ ኮዳ፣ ከዚያ ከትልቁ ወፍ ጋር ተፋጦ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ለምደውታል፤ ቦታ ይለቁለታል።

ነይ እባክሽ። ስትመጪ ግን ዘለሽ እንዳትስሚው፣ ሳያስበው ሲነኩት ይጮሃል። ወለሉ ላይ ቁጭ በይና የድስት ክዳን አሹሪለት። ክዳኑ ሲቆም እጅሽን ይዞ መልሶ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል።

ያንቺው
ትዕግሥት