የፊልም ክበብ፦ ከሻሊኒ ጋር የከረምንበት ዓመት

የፊልም ክበብ አንድ የማይለቀው ችግር አለበት። መስከረም ላይ ተመዝጋቢው ክፍሉን ያጣብባል፤ ከገና በኋላ ግማሹ የለም። አልፈርድባቸውም። ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነ ቤትም ስልክ አለ። ስለዚህ ዘንድሮ በየሳምንቱ የተገኘውን ማሳየት ትተን አንዲት ተዋናይት መርጠን ሥራዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል አልን። የተመረጠችው ሻሊኒ ናት። በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት በሚነገረው በማላያላም ቋንቋ በተሠሩ ፊልሞች በልጅነቷ ዝነኛ ሆነች፣ ጠፋች፣ ወጣት ሆና ተመለሰች፣ ከዚያም ስሟ ጣሪያ በነካበት ሰዓት በቃኝ ብላ ተወችው።

"ለምን ሻህሩክ ካን አይሆንም?" ያለው ብዙ ነው። ለተማሪዎቻችን የህንድ ፊልም ማለት የሙምባዩ የሂንዲ ፊልም ነው። የኬረላው ቋንቋውም ፊደሉም ሌላ ነው። ግን እኮ በጃንሆይ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ካስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ይህን ስነግራቸው አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ ማታ አያቷን ጠየቀች፤ እሳቸውም ሒሳብ ያስተማሯቸውን ህንድ መምህር አነጋገር እያስመሰሉ ሲያስቋት አመሹ። ከዚያ በኋላ የሻህሩክ ነገር ቀዘቀዘ። (ሁለት ልጆች እስከ ሰኔ አላቆሙም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።)

ታሪኩን ቶሎ አለፍነው። የማላያላም የመጀመሪያ ፊልም፣ ጄ. ሲ. ዳንኤል የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም፣ ስለተሰረቀ ልጅ ነው። መሪ ተዋናይቷ ፒ. ኬ. ሮዚ ከተናቀ ወገን ተወልዳ የከፍተኛ ወገን ሴት ሆና ስለተጫወተች ተመልካች ድንጋይ ወረወረባት፣ ከአካባቢውም ተሰደደች። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ፊልም "ባላን" ደግሞ ስለ ወላጅ አልባ ልጆች ነው (ከዚህ በታች ያሉት የፊልሞቹና የህንድ ሕጎች ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ይህ ሲኒማ ሲጀምርም በልጅ ነው የጀመረው።

ከዚያ ወደ ዋናው ገባን። ሻሊኒ ካሜራ ፊት የቆመችው በሦስት በአራት ዓመቷ ገደማ ነው፤ ፊልሙ በ1983 የወጣው "ኤንቴ ማማቱኩቲያማክኩ" ነው። ስሙን ሳይደናቀፍ ያለ ተማሪ ስላልነበረን ዓመቱን ሙሉ "ማማቱ" ስንለው ከረምን። ዳይሬክተሩ ፋዚል ነው። ልጃቸውን ያጡ ባልና ሚስት ከሕፃናት ማሳደጊያ አንዲት ልጅ ወስደው ያሳድጋሉ፤ ቤቱ እንደገና ሳቅ መስማት ሲጀምር የወለዳት ወገን ይመጣል። በቃ ይኸው ነው ታሪኩ። መኪና አይገለበጥም፣ ሰው አይገደልም። ልጅቷ ግን ግንባሯ ላይ በተደፋው አጭር ፀጉሯ ከክፍል ክፍል ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ፣ ትልልቆቹን ተዋንያን ቀና ብላ ስታይ ዓይን ከሷ ላይ መንቀል ያቅታል። በዚያ ዓመት የኬረላ መንግሥት የምርጥ ልጅ ተዋናይ ሽልማት የተሰጠው ለሷ ነው። የኬረላ እናቶችም የልጆቻቸውን ፀጉር እንደሷ ማስቆረጥ ጀመሩ። ፊልሙ ሲያልቅ የኋላ ወንበር ያሉት ጎረምሶች ዓይናቸውን እያሹ "አቧራ ነው" አሉ። እሺ፣ አቧራ ነው።

"ቤቢ ሻሊኒ" እየተባለች በማላያላም ብቻ ሳይሆን በሌሎቹ የደቡብ ህንድ ቋንቋዎች በታሚል፣ በቴሉጉና በካንናዳም ፊልም በፊልም ላይ ሠራች። ታናሿ ሻሚሊም ተከተለች። በ1990 ባራታን በሠራው "ማሉቲ" ውስጥ ሻሚሊ ጠባብ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ የምትወድቅ ሕፃን ናት፤ ፊልሙ ከላይ ያሉት ሰዎች እሷን ለማውጣት የሚያደርጉት ግብግብ ነው። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው።

ክበቡ መልኩን የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ አልቆ ሁሉም ትንፋሹን ሲሰበስብ አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ስትናገር እምብዛም የማትሰማ ልጅ፣ "ጉድጓዱ ውሸት ነው፣ ለቅሶው ግን የእውነት ይመስላል። ማን ምን ብሎ አስለቀሳት?" አለች። ፀጥ አልን። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ልጅቷ ስንት ሰዓት ሠራች? ገንዘቡን ማን ወሰደ? ትምህርትስ? እኔ ስለ ካሜራ አቀማመጥ ያዘጋጀሁት ወረቀት እዚያው ቀረ፤ ደግ አደረገ።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ሕጉን ፈልገው አመጡ። ህንድ የልጆች ጉልበት ሥራ ሕጓን ያወጣችው በ1986 ነው፣ ማለትም ሻሊኒ ታዋቂ ከሆነች በኋላ። ለልጅ ተዋንያን ዝርዝር ደንብ የመጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አንድ ልጅ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ያለ ዕረፍት ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ በተከታታይ ከ27 ቀን በላይ አይቀረፅም። ከገቢውም ቢያንስ 20 በመቶው በልጁ ስም ባንክ ይቀመጣል። "የተረፈው 80ስ?" ያለ ልጅ አለ፤ የወደፊት ኦዲተር ነው። የእኛንም አየን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወተት ስለሚጠጡት ሕፃናት የተነሳው ክርክር ግን ደወል ተደውሎም አላለቀም።

ሁለተኛው መንፈቅ የወጣቷ ሻሊኒ ነበር። ከፊልም ርቃ ቆይታ በ1997 በ"አኒያቲፕራቩ" መሪ ተዋናይት ሆና ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ያው ፋዚል ነው። አብሯት የሚጫወተውን ኩንቻኮ ቦባንንም በ1981 በልጅነቱ ፊልም ላይ ያሳየው እሱ ነበር። ሰውዬው ሁለት ልጆች አሳድጎ ያፋቀረ ነው የሚመስለው! ፊልሙ ኬረላን አናወጠ፤ እዚያው ዓመት በታሚል ተደግሞ ተሠራ፣ እዚያም መሪዋ እሷው ሆነች። ክፍላችንን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው። በማላያላሙ ፊልም የምንሰማው ድምፅ የሷ ሳይሆን የድምፅ ተዋናይቷ የስሪጃ ነው። "ታዲያ ግማሹን ትወና የሠራችው ሌላ ሰው ናት ማለት ነው?" አሉ። በደቡብ ህንድ የተለመደ አሠራር እንደሆነ ብነግራቸውም እንደተታለሉ የቆጠሩ አሉ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ያየሁት ዓይኗን ብቻ እየተከተልኩ ነው፤ ድምፅ ባይኖርም ይገባል።

በ2000 ዳይሬክተር ማኒ ራትናም በታሚል የሠራው፣ ሻሊኒ መሪ የሆነችበት "አላይፓዩቴ" ወጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የታሚሉን ኮከብ አጂት ኩማርን አገባች፤ ቀደም ብላ የሠራችው አንድ ፊልም በ2001 ተለቀቀ፣ አበቃ። ገና ሃያዎቹን መጀመሯ ነበር። በዚህ ላይ ያደረግነው ክርክር የዓመቱ ምርጥ ነበር። አንዱ ወገን "ባል አስቁሟት ነው" አለ፤ ሌላው ወገን፣ የሚገርመው በአብዛኛው ሴቶቹ፣ "በሦስት ዓመቷ ሥራ የጀመረች ሰው በሃያ ዓመቷ ጡረታ ብትወጣ ምን ይገርማል?" አለ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በኋላ ባድሚንተን የተባለውን የራኬት ጨዋታ ይዛ በውድድር ደረጃ ተጫውታለች።

ግንቦት ላይ የራሳችንን አጭር ፊልም ሠራን፦ ከትምህርት በኋላ በር ላይ ሆና የዘገየች እናቷን የምትጠብቅ የኬጂ ልጅ። ደንቡን የጻፉት ተማሪዎቹ ናቸው። ያለ እናቷ ቀረፃ የለም፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የለም፣ ማስፈራራት የለም፣ ለቅሶ ካስፈለገ ፊቷን ሳናሳይ ከጀርባ። ከረሜላ በጉቦ መልክ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ተዋናይታችን አንድ ቀን ቀረፃው መሀል "አሁን ልጫወት" ብላ ወደ ዥዋዥዌው ሄደች፣ አልተመለሰችም። ዳይሬክተሯ ትንሽ ተቆጣች፤ ደንቡን ያረቀቀችው ግን ራሷ ስለነበረች የመጨረሻውን ትዕይንት በር ላይ በተቀመጠ ቦርሳ ቀረፀችው። በወላጆች ቀን ታይቶ ጥሩ ጭብጨባ አገኘ፤ ድምፁ ግን ጄኔሬተር ጄኔሬተር ይላል።

ለከርሞ ስሪዴቪን ይዘናል። በ1971 "ፑምፓታ" በተባለ የማላያላም ፊልም የኬረላን የልጅ ተዋናይ ሽልማት ያገኘች፣ በኋላ የሂንዲ ሲኒማ ንግሥት የሆነች ናት፤ ሁለቱ የሻህሩክ ወዳጆችም ቢያንስ የሂንዲ ፊልም ያገኛሉ። ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። የፕሮጀክተሩ አምፖል ስለደከመ የሚያውቅ ወላጅ ካለ ብቅ ይበልልን፤ ፍላሽ የምታመጡ ልጆች ደግሞ እባካችሁ ቫይረሱን ቤት ተዉት።