የመቻል ጆሮ

ውድ እህት ዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ሦስት ዓመት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የላክሽልኝን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ከመጠለያ ያመጣሽው ቡችላ ሶፋ ላይ ተጋድሞ። ፎርም ሞልተሽ፣ ገንዘብ ከፍለሽ፣ ስለ ቤትሽ ሁሉ ተጠይቀሽ እንደወሰድሽው በድምፅ ነገርሽኝ። "እዚህ አገር ውሻ ማሳደግ ልጅ ከማሳደግ ይብሳል" ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የቡችላው አንድ ጆሮ ታጥፎ ነበር። ስልኬን ደፍቼ አስቀመጥኩት። ነገ እመልስላታለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት። ከዚያ በኋላማ በየት በኩል ይጀመራል?

አሁን የምጽፍልሽ ጉዳይ ኖሮኝ ነው። የልጆች ተረት ጽፌያለሁ። አዎ፣ እኔው! ስለ ውሻችን ስለ መቻል።

ማታ ማታ ለልጄ የማወራላት ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ስሙን መጀመሪያ ስነግራት "እንደ ኳስ ቡድኑ?" አለችኝ። አባቷ ነው ያበላሻት። ድሮ የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት እንደነበር የዛሬ ልጅ በምን ይወቅ? አያትሽ በአጥሩ ነገር ከጎረቤት ሲኳረፉ፣ መሳደብ ነውር ስለሆነባቸው፣ ቡችላውን "መቻል" አሉት። ከዚያ ሲመሽ ደጃፍ ላይ ይቆሙና፣ ውሻው እግራቸው ስር ተኝቶ እያለ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው "መቻል! ኧረ መቻል!" ብለው ይጣራሉ። ቀና ብሎ አይቷቸው ተመልሶ ይተኛል። ተረቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ከሁሉም የምወደው ገጽ እሱ ነው።

አጀማመሩ ግን ከቱቦው ነው። "ተረት ተረት" እላለሁ፣ "የላም በረት" ትላለች። ከዚያ ክረምት ነው፣ 1985 ዓ.ም.፣ ጉለሌ፣ ከፓስተር ወረድ ብሎ። ጎርፉ ጎድሎ ጭቃው ቀርቷል። ድምፁን መጀመሪያ የሰማሽው አንቺ ነሽ። እኔ "ድመት ናት፣ እንሂድ" አልኩሽ። ኮንጎ ጫማሽን አውልቀሽ ወረድሽ። እኔ ጃንጥላውን ይዤ ቆምኩ፤ ያውም ለራሴ። ስትወጪ ጭቃው ጭንሽ ደርሷል፣ ሹራብሽ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ልንገርሽ። ይሄን ታሪክ ለሰው ሳወራ ቱቦው ውስጥ የምወርደው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ለባሌም፣ ለመሥሪያ ቤት ሰውም፣ ለልጄም። ወረቀት ላይ ስደርስ ግን አልሆነልኝም። ልጅቷ አንቺን ሆነች። ጃንጥላ የያዘችዋ እኔ ነኝ።

ጽፌ እንደጨረስኩ ለአንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም አስነበብኩት። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ይህቺ ልጅ የማታውቀውን ውሻ በእጇ ታቅፋለች?" ተናደድኩ። ተረት የቀበሌ ስብሰባ አይደለም አልኩት። "ያደግሽው የት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ያዝኩ። ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ ለክትባት ወደ ፓስተር ሲሄድ በደጃችን ሲያልፍ አይደል ያደግነው? ሆድ ላይ 14 መርፌ እየተባለ አይደል ስንፈራ የኖርነው? ዛሬ ክትባቱ ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ያው ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም። ቡችላም ቢሆን ሊይዘው ይችላል። እኛን እግዜር ነው ያተረፈን።

ስለዚህ ልጅቷ አሁን አትወርድም፤ ሮጣ ዘበኛውን ትጠራለች። ዘበኛው ጆንያ ይዞ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት የቀማሁሽን ክብር ልመልስልሽ ስል ዘበኛ ወሰደብሽ! ደግነቱ ሰውዬው ውሻ የሚፈራ ሆኖ ተገኘ፤ እንዲያ አድርጌ ያሰብኩት አልነበረም፣ ስጽፈው እንዲያ ሆነ። ቡችላው እጁን ይቧጭረዋል። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ሁለቱ ልጆች እስከ 900 ይቆጥሩለታል። 412 ላይ ይሳሳቱና እንደገና ከአንድ እንጀምር ሲሉ ይለምናቸዋል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ልጄ እዚህ ጋ ስትደርስ በሳቅ ትሞታለች።

ወተቱን ግን አልቀየርኩም። ሐኪሙ "የላም ወተት ቡችላን ያስቀምጠዋል" ብሏል። እኔም አውቃለሁ። በሰርዲን ቆርቆሮ አጠጥተነው አያትሽ ምንጣፍ ላይ ምን እንዳደረገ ረሳሽው? ወተቱም አለ፣ ምንጣፉም አለ። ሦስት ቤት ወስደነው ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ከሦስቱም መባረራችንም አለ። እማዬ በመጥረጊያ ያባረረችን ላይ "እኔ አላደረግኩም" ብላ ትከራከራለች።

ተረቱ የቆመብኝ በሩ ጋ ነው።

መርዝ የተጣለበትን ሌሊት ታስታውሻለሽ። የእብድ ውሻ በሽታን እናጥፋ ብለው ንጋት ላይ መንገድ ዳር የተመረዘ ሥጋ በትነው የሄዱትን። የዚያን ዕለት ማታ ከእናንተ ቤት መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። አያትሽ ለእማዬ እንጀራ በመሶብ ሰጥተውኝ ሁለቱም እጄ ተይዟል። በሩን በእግሬ ገፋሁትና ሄድኩ። መቀርቀሪያውን አልነካሁትም። ጠዋት ስመጣ ላምባ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብለሽ አገኘሁሽ። ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ነበር። "መቀርቀሪያው ተበላሽቷል መሰለኝ" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

አልተበላሸም ነበር። አያትሽ ግን አመኑኝ። አናጢ ጠርተው አዲስ አስገጠሙ። ቆሜ ሲመታ አየሁ፣ ምስማሩንም ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙን በጨዋታ መሃል ስለ መርዙ ጠይቄው ነበር። መርዝ በሽታውን አያጠፋውም አለኝ፤ የሚያጠፋው ከአሥር ውሻ ሰባቱን መከተብ ነው። ውሻ ቢገደል ሌላ ውሻ ይተካል። ለካ የመቻል መሞት ለማንም አልጠቀመም። ይሄን ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር።

ተረቱ ላይ መቻል አይሞትም። አርጅቶ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ልጄ ግን አንድ ሌሊት በሩ ተከፍቶ የሚያድርበትን ገጽ አልፋ አታልፍም። "በሩን ማን ከፈተው?" ትላለች። "ንፋስ" አልኳት። "ንፋስ መቀርቀሪያ ይከፍታል?" ብላ አፈጠጠችብኝ። ልነግራት ስል ቆም አልኩ። አንቺ ሳትሰሚ እሷ እንድትሰማ አልፈለግኩም።

ይኸው ሰማሽ። ብትቆጪኝ አይገርመኝም። አያትሽ በሕይወት እያሉ መናገር ነበረብኝ። አልነገርኳቸውም።

አንድ ልጅ ሥዕሉን እየሠራልኝ ነው፣ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነው። የትኛው ጆሮው ነው የታጠፈው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ግራ አልኩት። እማዬ ቀኝ ትላለች። የ1986 የእንቁጣጣሽ ፎቶ አንቺ ጋ ነው፤ አደይ አበባ ይዘን የቆምንበት፣ እሱ ጠርዙ ላይ ግማሹ የተቆረጠው። ከቻልሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ሌላ ነገር መጻፍ ካስጠላሽም አልቀየምሽም፣ ተራሽ ነው። አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ፦ ቀኝ ወይም ግራ።

ጃንጥላ ያዢዋ ጓደኛሽ