ለጤና ሚኒስቴር፦ ከፓፉ ጋር ወንበሩንም እዘዙልን

እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ አምስት ልጆች አሳድጋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያየችው እኛ ሥራ ከያዝን በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጭራሮ ጭስ ስትምግ ኖራለች። ሲጋራ ነክታ አታውቅም። ሕመሟ ግን ብዙ ሰው የአጫሾች ብቻ የሚመስለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው።

የታከመችበት ሆስፒታል ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ የትንፋሽ መድኃኒት፣ አዘዘላት፤ መልካም። ስትወጣ ግን «እንግዲህ እረፊ፣ አትድከሚ» ተባለች። እኛም ልጆቿ ምክሩን ከሐኪሙ አብልጠን ጠበቅን፤ ውኃ እንዳትቀዳ፣ ገበያ እንዳትወጣ ከለከልናት። በስምንት ወር ውስጥ ጭኗ ሰለለ። ከመኝታዋ እስከ ደጅ ያለው አሥር እርምጃ ሁለት ጊዜ የሚያሳርፍ መንገድ ሆነባት። ሳንባዋ ባሰበት ብለን ነበር፤ ለካ እግሯም ነው። የማይሠራ ጡንቻ ይሰልላል፤ የሰለለ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደግሞ ጭራሽ ይቀመጣል።

ይህን ያስረዳን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነ ጎረቤታችን ነው። በመጀመሪያ ልቧን አስመርምረን እንድንመጣ አደረገ፤ ጣቷ ላይም የኦክስጅን መለኪያ ሰካ። የሥልጠናው መሣሪያ የወጥ ቤት ወንበር ነው፦ መነሣት፣ መቀመጥ፣ መነሣት። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ። ከዚያ በግቢው መራመድ፣ ውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ማንሣት። በአፍንጫዋ ስባ፣ ከንፈሯን አሹላ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ሲያሳያት ሳቀች፤ «ሳንባዬን የጨረሰው እሳት እፍ ማለት አልነበረም እንዴ?» ሳንባዋ አልዳነም። በሁለተኛው ወር ግን ሦስት ጊዜ እያረፈች ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ደርሳ ተመለሰች።

ይህ የጎረቤት ብልሃት አይደለም፤ የሳንባ ማገገሚያ ሥልጠና የሚባል ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው ግምገማ 65 ጥናቶችን አገናዝቦ በዚህ ሥልጠና ትንፋሽ ማጠር እንደሚቀንስ፣ ኑሮም እንደሚቀል አሳይቷል። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሰጣል። ለውጡ የሚለካው ታማሚው በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሄደ በማየት ነው፤ 30 ሜትር ኮሪደርና ሰዓት ይበቃል። ካምፓላ ላይ ከሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ድነው ሳንባቸው ተጎድቶ የቀረ ሰዎች በስድስት ሳምንት ሥልጠና ተጠቅመዋል። እኛን ከሁሉም ይልቅ የሚመለከተን ይህኛው ይመስለኛል።

የምለምነው ሕንፃ አይደለም። ፓፍ ለሚታዘዝለት፣ የቲቢ መድኃኒቱን ጨርሶ ትንፋሹ ላልተመለሰለትም፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚልክ ወረቀት አብሮ ይጻፍለት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ባለሙያዎቹን ያስመርቃሉ፤ ብዙ ሰው ግን ሥራቸው የተሰበረ አጥንት ብቻ ይመስለዋል። ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ነርሶች ይሠልጥኑ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ታክሲ መክፈል የማይችል ብዙ ነውና፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በየቤቱ ስትዞር «ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሡ?» ብላ ትጠይቅ።

እናቴ ትናንት አሥራ ስድስት ደርሳለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ