የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ጠረጴዛውን ገልብጠን ያየንበት ዓመት

በትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ ክበብ አዲስ የተመዘገቡት አባላት ወንበር ሊሠሩ ቋምጠው መጥተው የመጀመሪያ ሥራቸው የአንድ ቁራጭ ሞራሌ አራቱን ገጽ መላግና ማዕዘኑን በስኳድራ ማረጋገጥ ሲሆን፣ የአንዳንዶቹ ፊት ቅጭም አለ። ጥቂቶቹም ወደ ድራማ ክበብ ተዛወሩ። የቀሩት ግን የመጀመሪያው መንፈቅ ሳያልቅ በመጋዝ መስመር ጠብቆ መቁረጥን፣ በመሮ መቦርቦርን፣ ወንዴና ሴቴ አድርጎ (የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀዳዳ አስገብቶ) መግጠምን ለመዱ። የአበባ መደብ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ክፈፍ፣ ለቤተ ሙከራው ደግሞ የጠርሙስ መደርደሪያ ሠሩ። ይህን በዚሁ ልለፈው፤ የዓመቱ ወሬ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ወሬው የጀመረው ቤተ መጻሕፍቱ የማንበቢያ ጠረጴዛ እንድንጠግን በጠየቀን ጊዜ ነው። ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ ዕድሜ ያለው፣ እግሩ ንቅንቅ የማይል ጠረጴዛ ነው፤ ገበታው ግን ከዳር እስከ ዳር በርዝመቱ ተሰንጥቋል። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ሰጋቱራ በኮላ ለውሰን እንድፈነው» አለ። ሌላው ገበታውን ጥሎ ከስስ የእንጨት ሽፋኖች ተጣብቆ በሚሠራው በኮምፔንሳቶ መተካት ፈለገ። ለምን ተሰነጠቀ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የእንጨት ሥራ ዐውደ ርእይ የሚከፈትበት ቀን ተቃርቦ ስለነበር፣ እስከዚያ ማንም መሮ እንዳያነሳ አልኩና ፎቶ እንዲያነሱ አዘዝኩ። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከጠረጴዛው ሥር ተንጋልላ ገብታ የታችኛውንም ገጽ አነሳች። ጓደኞቿ ሳቁባት።

ወደ ዐውደ ርእይ በባዶ እጅ የሄደ አማተር ካታሎግ ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ሰጠን፤ ሁሉንም ዞረን ሳንጨርስ ምንም ነገር እንደማይገዛም ተስማማን። ከበሩ ገባ እንዳሉ የሚቀበሉት ትልልቆቹ ማሽኖች ናቸው፦ ጩኸት፣ መብራት፣ ሰው በሰው ላይ። የሻጮቹ እጅ ላይ ሁሉም መሣሪያ ቅቤ እንደሚቆርጥ ነው የሚቆርጠው። ተማሪዎቼ ይህን አይተው በተደነቁ ጊዜ፣ የሚቆረጠውን እንጨት እንዲያዩ ነገርኳቸው፤ ለስላሳ፣ ደረቅ፣ አንድ ጉጥ የሌለበት። ከመሃላቸው አንዱ ደፋር ከጥግ ጉጥ ያለበት ቁራጭ አንስቶ «ይህንንስ?» አለ። ሻጩ ሳቅ ብሎ ተቀበለውና ላገው። ከጉጡ ዙሪያ እንጨቱ ተቦጨቀ። ከዚያ በኋላ ግን ሰውዬው የሸሸገው ነገር አልነበረም፤ ከምላጩ በላይ የሚቀመጠውን ብረት ወደ ምላጩ ጫፍ በደንብ አስጠግቶ፣ ምላጩን ትንሽ ሰብሰብ አድርጎ እንደገና ላገው፤ መቦጨቁም በእጅጉ ቀነሰ። ሙሉውን ማብራሪያ ያገኘነው ከዚያች ጉጥ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የከበበው የጠረጴዛ መጋዝ ነበር፤ ሶውስቶፕ ይባላል። ሐሳቡ የስቲቨን ጋስ ነው፤ የፊዚክስ ምሁርም የፈጠራ መብት ጠበቃም ሲሆን፣ የፈጠረውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በሚሽከረከረው ምላጭ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣት ምላጩን ሲነካ ምልክቱ ይወርዳል፤ ያኔ የአሉሚኒየም ብሎክ ወደ ምላጩ ጥርስ ተወርውሮ በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያቆመዋል። ለማሳያ በጣት ፋንታ ቋሊማ ይገፋሉ። ጓ! ካለ በኋላ ቋሊማው ላይ የቀረው ጭረት ብቻ ነው። ብሎኩ ግን ምላጩ ውስጥ ተነክሶ ስለሚቀር ሁለቱም ይጣላሉ። ሁሉም ሲያጨበጭብ አንዷ የኛ ልጅ «እርጥብ እንጨትስ ሲያጋጥመው?» ብላ ጠየቀች። በጣም እርጥብ የሆነ እንጨት እንደሚያታልለው፣ ለዚያም ሲባል መከላከያውን ለጊዜው የሚያጠፋ ቁልፍ እንዳለው መለሱላት። ጥያቄዋ ከማሽኑ በላይ አስደሰተኝ።

ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ጩኸቱ ቀነስ በሚልበት፣ አንድ አዛውንት ባለሙያ መሮ ይስላሉ። የሚሸጡት ነገር የላቸውም። ውኃ የጠጣ 1000 ቁጥር ድንጋይና ከሱ የደቀቀ 6000 ቁጥር ድንጋይ፣ አንድ ጨርቅ፣ ሌላ የለም። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ ዝርግ እስኪሆን አሹት። «ጀርባው ዝርግ ካልሆነ ፊቱን ብትስሉት ልፋት ነው» አሉ። ቀጥለው በ25 ዲግሪ የተሞረደውን ፊት ትንሽ ቀና አድርገው በ30 ዲግሪ ገደማ ጫፉን ብቻ ሳሉት። በጀርባው በኩል በጣት የሚዳሰስ ስስ የብረት ጠርዝ ሲወጣ ወደ ደቃቁ ድንጋይ ተሻገሩ። የኛ ልጆች ስለት የሚለካው በአውራ ጣት ይመስላቸው ነበር። እሳቸው ግን ለስላሳ ጣውላ ወስደው ቃጫው የሚቆምበትን ጫፉን በመሮው ላጥ አደረጉት። ያልተሳለ መሮ እዚያ ላይ ቃጫውን ያደቀዋል፣ እንደ ፍርፋሪም ያወጣዋል። የሳቸው መሮ ያለፈበት ቦታ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቅ ነበር፤ የዕድሜ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከዚያም መሮውን ለተማሪ ሰጥተው ቁጭ አሉ። እያንዳንዱ ተራ ደርሶት ሞከረ፤ አዛውንቱ አንዴም አልቸኮሉም።

የጠረጴዛውን ፎቶ ያሳየነውም ለሳቸው ነው። ስንጥቁን ቀረብ አድርጎ የሚያሳየውን ስልክ ዘረጋንላቸው፤ አየት አድርገው «እስኪ ልጆቼ፣ ከሥሩ አሳዩኝ» አሉ። ከሥር ያነሳችው ልጅ ስልኳን ሰጠቻቸው። ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ፎቶውን በጣታቸው አጉልተው ያሳዩን ገበታው በስፋቱ ግራና ቀኝ ከክፈፉ ጋር በብሎን ጥርቅም ተደርጎ መታሰሩን ነው። እንጨት ከአየሩ ጋር እርጥበት ይቀባበላል። እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ በርዝመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም፣ በስፋቱ ግን አለው፤ በዕድሜ ቀለበቱ አቅጣጫ የሚኮማተረውም ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ያ ገበታ በደረቅ ወቅት ሊጠብ ሲል ብሎኖቹ ግራና ቀኝ ይዘው አላስኬድ አሉት። መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ። «በሰጋቱራ ብትደፍኑት ከጎኑ ይሰነጠቅላችኋል» አሉን።

የአማተሮች ሥራ የሚወዳደርበትን ክፍል መጨረሻ ላይ ነው ያየነው። እዚያ ዳኛዋ አንዲት ትንሽ ሣጥን አንስታ ፊቷን ብዙም ሳታይ መሳቢያውን ሳበችና ገለበጠችው፤ የታችኛው ሰሌዳ በኮላ ተጣብቆ ይሁን በቦዩ ውስጥ ላላ ብሎ የተቀመጠ መሆኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ ፈተነች። ተማሪዎቼ ተያዩ። ዞረን ከጨረስን በኋላ የገዛነው ሁለት የመሳያ ድንጋዮችን ብቻ ነው፤ ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ዓይናቸው የቀረ ልጆች እስካሁን አኩርፈውኛል።

ጠረጴዛው ተጠግኗል። ብሎኖቹን ፈታን፤ የስንጥቁን ግራና ቀኝ ጠርዝ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ ልገን በነጭ ኮላ አጣበቅነው፤ በሞርሴቶ (ግራና ቀኝ ጠምዝዞ በሚያጣብቅ ማሰሪያ) አስረን አሳደርነው። ገበታው ወደ ክፈፉ ሲመለስ መሃል ላይ ብቻ ጥብቅ አድርገን፣ ወደ ዳር ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርገን ቦርቡረናል፤ ገበታው ሲሰፋና ሲጠብ ብሎኑ በሞላላው ውስጥ ይንሸራተታል። ይህን ስንሠራ ኮምፔንሳቶ ያሉት ልጆች ኮምፔንሳቶ ለምን እንዲህ እንደማያስቸግር ጠይቀዋል፤ ስስ ሽፋኖቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተሻግረው ስለሚጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ስለዚህ ሐሳባቸው መጥፎ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ግን ያሳዝናል። ጥገናው መያዝ አለመያዙ የሚታየው በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ነውና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እንዲከታተሉልን ጠይቀናል።

ከወደቁ ዛፎች የተሰነጠቀ ጣውላም አለን፤ አሁን ከወርክሾፑ ጀርባ በጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት፣ ጫፎቹም ቶሎ ደርቀው እንዳይሰነጠቁ ቀለም ተቀብተው ተደርድሯል። የባለሙያዎች ልማድ ለማድረቅ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይላል። የኛው 5 ሴንቲ ሜትር ነው። የዘንድሮዎቹ 9ኛ ክፍሎች 11ኛ ሲገቡ ይላጉታል፤ እባካችሁ ማንም መቀመጫ አያድርገው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቀረብነው ጥያቄ ቶርኖ የለበትም፤ የአቧራ መሳቢያ ማሽንና የአፍንጫ መከላከያ ነው ያለበት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል፤ እኛ ደግሞ እስካሁን የምንጠርገው በመጥረጊያ ነው። የቶርኖ ደጋፊዎች የራሳቸውን ማመልከቻ ለብቻ ጽፈው አምጥተዋል። ፈርሜበታለሁ፤ ከኛኛው ሥር ተያይዞ ለርእሰ መምህሩ ቀርቧል።