ስለ ጎርፉ ፎቶዎች ለደንበኞቻችን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ከሰሞኑ ዝናብ በኋላ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ፎቶ ቤታችን መጥታችኋል። «ይቺን እጠቡልኝ፣ ለጉዳት ማመልከቻ ናት» ላላችሁን አጥበናል። ጥቂቶቻችሁን ግን መልሰናል። ተቀይማችሁ የሄዳችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ምክንያቱን በቅጡ ስላልነገርናችሁ ይቅርታ፣ አሁን እንንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ስለ ድሬዳዋው ከፊራ ገበያ «ከፊራ ሙሉ በሙሉ ጠፋ» የሚል ጽሑፍ ታክሎበት ቴሌግራም ላይ ሲዞር ነበር። በአንድ ቀን ሦስት ሰው ያንኑ ፎቶ ይዞ መጣ። ስናሰፋው ከኋላ ያሉት የሱቅ ታፔላዎች እኛ አገር በማይጻፍ ፊደል የተጻፉ ናቸው። መኪኖቹም በግራ መስመር ነው የሚሄዱት። የድሬ ፎቶ አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ባሕር ላይ የተነሳ የአንድ ሻርክ ፎቶ ተቆርጦ በጎርፍ በተሞላ አስፋልት ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ፖርቶ ሪኮ ነው ተባለ፣ በ2017 ደግሞ ያው ሻርክ ሂውስተን ከተማ ውስጥ ታየ ተባለ። እንዲህ ያለውን ፎቶ በምስል የሚፈልገው ጎግል ሌንስ ላይ ብታስገቡት ድሮ የት የት እንደዞረ ያወጣላችኋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እኛም ካሜራ ይዘን ከፊራ ወረድን። አንዱ ልጃችን ተንበርክኮ ስልኩን ከኩሬ ጋር እኩል አድርጎ አነሳ። ፎቶው ላይ ሐይቅ ነው የሚመስለው፣ ማዶው አይታይም። ቆሞ ሲያነሳው ያው ኩሬ ሦስት እርምጃ ነው። ከሩቅ በዙም ስታነሱ ደግሞ ተራርቀው የቆሙ መደቦች ተደራርበው የወደቁ ይመስላሉ። ማንም ሳይዋሽ ፎቶው ብቻውን ያጋንናል።

እዚያው ግን አንዲት እናት አገኘን። የቅመም መደባቸው ጭቃ ገብቶበታል፣ በርበሬያቸውን በአካፋ እየዛቁ ያወጣሉ። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት ቡናማ መስመር አለ፣ ሜትር አስጠግተን አነሳነው፣ 48 ሳንቲም። ከሁሉም ያንገበገበን የሳቸው ነገር ነው። የሌላ አገር ፎቶ አይቶ የተሸወደ ሰው በማግስቱ የሳቸውን እውነተኛ ፎቶ ሲያይ «እናንተ ደግሞ ታበዛላችሁ» ብሎ ያልፋቸዋል። የመለስናችሁ ለዚህ ነው።

ደግሞ በተቃራኒው የሚያናድደን አለ። በነጋታው ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አንስቶ «ይኸው፣ ምንም የለም» የሚል። የድሬ ልጅ ይህን መቼም አይልም። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ዝናቡ ወደ ደንገጎ ያለው ደጋ ላይ ይጥልና ውሃው በደረቁ አሸዋ ላይ ድንገት ይደርሳል፣ በሰዓታት ውስጥም ጥርግ ብሎ ይሄዳል። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ሰው በተኛበት ነው የደረሰው። ከ250 በላይ ሰው አለቀብን። የደረቀ አሸዋ ፎቶ ምንም አለመሆኑን አያሳይም፣ ውሃው መሄዱን እንጂ።

ስለዚህ ለማመልከቻ የሚሆን ፎቶ ስታመጡ እንዲህ አድርጉልን። ዋናውን ፋይል አምጡ። በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ የተነሳበት ቀንና ሰዓት ይጠፋል። አትቁረጡት። መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ድልድዩ ወይም መስጊዱ ወይም የመብራት ምሰሶው እንዲገባ አንሱ፣ ከዚያ ተጠጉ። አካፋም ሆነ ጀሪካን፣ መጠኑ የሚታወቅ ዕቃ አጠገቡ ይቁም። ቀኑንም ልብ በሉ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ ፎቶ ላይ 2006 የሚል አይቶ «ይሄ እኮ በ2006 ነው» ብሎ የተከራከረን ሰው አለ፣ የስምንት ዓመት ስህተት! «ቀን ጻፉበት» ብላችሁ የጠየቃችሁንም አንችልም፣ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው ከስር የምናትመው።

በዚህ መንገድ የመጣ የጉዳት ፎቶ እስከ ክረምቱ መውጫ በግማሽ ዋጋ እናጥባለን።

አንድ ነገር ደግሞ እንለምናችሁ። የ1998ቱን ጎርፍ ፎቶ አልበም ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ አምጡልን፣ ስካን አድርገን በነጻ እንመልሳለን። ከጀርባው የት ሰፈር እንደሆነና ማን እንዳነሳው ጻፉበት። እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚያስታውሱት ካለ እነሱንም ይዛችሁ ኑ። ቀትር ላይ እንደምታውቁት ዝግ ነን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ግን እስከ ማታ አለን።

ከዚራ ያለው ፎቶ ቤታችሁ