ደራሲውን ተዉት እስቲ

ሰላም ለሁላችሁ፣

እየተከታተልነው ባለው ልቦለድ ባለፈው ክፍል ላይ ያነሳችሁትን ጭቅጭቅ አነበብኩት። ሁለቱ ጌይ ፍቅረኛሞች ተለያዩ ብሎ ደራሲውን እንዲህ ማብጠልጠል ምንድነው? ታሪኩ ገና አላለቀም እኮ! በተከታታይ የሚወጣ ልቦለድ ጣጣው ይሄ ነው፤ አንባቢው መሀል ላይ እየተተወ፣ ገጸ ባህሪውን እንደ ጓደኛው እያሰበ፣ ሲናደድና ሲጨነቅ ይከርማል።

ገጸ ባህሪው ጌይ ሲሆን ደግሞ ሸክሙ ይበዛል። አንዱ "ለምን ደካማ ሆነ?" ይላል፣ ሌላው "ለምን ሁሌ መጨረሻቸው ሞት ይሆናል?" ይላል። ሁለተኛው ይገባኛል፣ ብዙ ታሪክ እንደዛ ሲያልቅ ኖሯል። የመጀመሪያው ግን አይዋጥልኝም። ሰው ነው፣ ይሳሳታል።

አሜሪካዊው ደራሲ አርሚስቴድ ሞፒን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ላይ በተከታታይ በጻፈው ልቦለድ፣ ማይክል የተባለው ገጸ ባህሪ ጌይ መሆኑን ለእናቱ በደብዳቤ ይነግራታል። ያንን ደብዳቤ ለገዛ ወላጆቻቸው የላኩ አንባቢዎች ነበሩ። አስቡት፣ በፈጠራ ሰው አፍ የራስን ነገር መናገር!

ስለዚህ አስተያየት ስትሰጡ የትኛው ትዕይንት እንዳናደዳችሁና ለምን እንደሆነ ጻፉ። ስድቡን ተዉት። ቀድማችሁ ያነበባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ቀጣዩን ክፍል አታውሩብን።