ኬብሉ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ቆጣሪው ጋ ይለካ

ይድረስ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ከአንድ ምሰሶ የምንጠቀም ደንበኞች፣ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ስናደርግ እየተቋረጠ ስላስቸገረን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠን መልስ «ችግሩ የመኪናችሁ ኬብል ነው» የሚል ነው። ይህን ካሉን ሰዎች ግን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አውጥቶ የለካ አንድም የለም።

ኬብል አይበላሽም አላልንም። ባለመኪናው አስቀድሞ ፕላጉንና ሶኬቱን ማየት አለበት፤ አይተናልም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቻርጅ ካደረጉ በኋላ መኪናው ላይ ቻርጁን አቁሞ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ ፕላጉን መንካት ነው። ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ውስጡ የላላ ነገር አለ። ከቀዳዳዎቹ የአንዱ ዙሪያ ከጠቆረ ሶኬቱን ያለ ማመንታት መቀየር ያስፈልጋል። 0.1 ኦም ብቻ የሆነ የላላ ግንኙነት 16 አምፔር ሲያልፍበት 25 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጥራል። ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት መሣሪያ ሙቀቱ ይኸው ነው፤ እዚህ ግን ፕላስቲክ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። በኤክስቴንሽን፣ ይልቁንም በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን፣ ቻርጅ ማድረግም ጨርሶ አይገባም።

ቀጥሎ የቻርጅ ኬብሉ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ሣጥን ወደ 6 አምፔር ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው። በ10 አምፔር እየተቋረጠ በ6 የሚቀጥል ከሆነ የላላ ግንኙነት ወይም የቀጠነ ሽቦ መጠርጠር አለበት። በ6 አምፔርም ገና ሲሰካ ቀይ የሚያበራ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ነው። የእኛ ሶኬት ለብቻው ከቦርድ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የተሳበ ነው፤ በ6 አምፔር ይሠራል፣ በ10 ሲሆን ይቋረጣል።

ስለዚህ ቮልቴጁን ለካን። ምንም ሳይሰካ ሶኬቱም ዋናው ብሬከርም 224 ቮልት ያሳያሉ። መኪናው 10 አምፔር መሳብ ሲጀምር ሶኬቱ ላይ 195፣ ዋናው ብሬከር ላይ 198 ይሆናል። ከጠፋው 29 ቮልት ውስጥ በቤቱ ሽቦ የጠፋው 3 ብቻ ነው። 26ቱ የጠፋው ብሬከሩ ጋ ሳይደርስ ነው፤ ከምሰሶው እስከ ብሬከሩ ያለው መስመር ደግሞ ቆጣሪውን ጨምሮ በእናንተ ማኅተም የታሸገ ስለሆነ እኛ ልንነካው አንችልም። 26 ቮልት በ10 አምፔር ሲባዛ 260 ዋት ነው፤ ይህ ሁሉ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ሽቦ እያቃጠለ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው ይህ ነው፦ በዚያው ሰዓት በሌላ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣ ሌላ ሽቦ) የሚጠቀመው ጎረቤት ቤት ቮልቴጁ ከ224 ወደ 237 ወጣ። የአንዱ ቤት ሲወርድ የሌላው የሚወጣው የጋራው ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ሲላላ መሆኑን የእርስዎ ባለሙያዎች ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ጭራሹን ከተበጠሰ አንዳንዱ ቤት ወደ 400 የሚጠጋ ቮልት ይገባበታል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ማቀዝቀዣውና ቴሌቪዥኑ ሁሉ ነው፤ መኪና የሌለው ጎረቤትም አይተርፍም።

ይህ ሁሉ እያለ ከመሥሪያ ቤታችሁ የመጣው ሠራተኛ ለአንዲት እናት የሰጣቸው ምክር ዝም የሚያሰኝ አይደለም። ኧርዝ በሌለው አሮጌ ሶኬታቸው ላይ ኬብሉ ቀይ ቢያበራባቸው፣ «ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር አገናኙት፣ ይጠፋል» አላቸው። አዎ፣ ቀዩ መብራት ይጠፋል፤ ሣጥኑ ኧርዝ ያገኘ ይመስለዋልና። ነገር ግን ያ የላላ ኒውትራል በተበጠሰ ቅጽበት ፌዙ በቤቱ ውስጥ ባለ አምፖልና ማቀዝቀዣ አልፎ፣ በኧርዝ ሽቦው በኩል የመኪናው አካል ላይ ይወጣል። እጁ የመኪናው በር ላይ፣ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ያለ ሰው ሊሞት ይችላል። እኚህ እናት ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን የሚያሳፍሩት በዚያ መኪና ነው። ሰው የሚገድል ምክር በመሥሪያ ቤቱ ስም ተሰጥቷል፤ በማመልከቻችን ብንጽፈውም ማንም አላስተባበለውም።

የምንጠይቀው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ባለሙያ ቴስተርና ክላምፕ ሜትር (የአምፔር መለኪያ) ይዞ ማታ ይምጣ፤ መኪናው 10 አምፔር እየሳበ መጀመሪያ ቆጣሪው መግቢያ ላይ፣ ከዚያ ምሰሶው ላይ ይለካ። ያገኘውን ቁጥር በጽሑፍ ይስጠን፤ የላላውን ማያያዣ ይቀይር። ኧርዝን ከኒውትራል አገናኙ የተባለው ምክር ስህተት መሆኑም በእርስዎ ፊርማ ለእኚያ እናት ይጻፍላቸው። ይህኛው ለነገ የሚባል አይደለም፤ ዛሬውኑ ይሁን።

ከአንድ ምሰሶ የምንጠቀም ደንበኞች